ጭምብሉ፣ ፎርማው እና ያልተመዘገበው እጅ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ያዣችን የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ስትጠይቀኝ «ስለ ሒሳቡ ነው?» አልኳት። «አይደለም፣ ስለ ጭምብሉ ነው፤ ያልሠሩት አባላት አሠራሩን ይወቁት» አለችኝ። ቁጭ ብዬ መጻፍ ስጀምር ግን ሁለቱን መለየት አቃተኝ። ስለዚህ በመጀመሪያ ጭምብሉ እንዴት እንደሚሠራ እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ እኔ ራሴ በመዝገባችን ላይ የሠራሁትን ስሕተት እናገራለሁ። መጨረሻ ላይ ድምፅ የምትሰጡበት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ጭምብል ስል በኮሮና ጊዜ አፍና አፍንጫችንን የሸፈንበትን ጨርቅ ማለቴ አይደለም። ልጆች ለቲያትር ፊታቸው ላይ የሚያስሩትን የእንስሳ ፊት ነው። እንደምታስታውሱት ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ አንድ ትምህርት ቤት ለዓመቱ መዝጊያ የተረት ቲያትር አዘጋጅቶ 36 ጭምብል አዘዘን፤ ጅብ፣ ጦጣ፣ አንበሳና አህያ፣ ከእያንዳንዱ 9። ዋጋው በአንድ 150 ብር ነበር። 36 ፊት አንድ በአንድ በእጅ መቅረጽ አይታሰብም። አንድ ጊዜ ቀርጾ ብዙ ጊዜ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህን የሚያስችለው ፎርማ ነው። ብሎኬት ሲመረት ያየ ሰው ፎርማ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ልዩነቱ የኛ ፎርማ ፊት ያለው መሆኑ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከሸክላ ጭቃ ነው። ሸክላ ሠሪዋ እናታችን ከጣራ ገዳም በታች ካለው ሰፈራቸው ጭቃውን ራሳቸው አመጡ፣ ረገጡት፣ ጠጠሩን ለቀሙ። ከዚያ በጣውላ ላይ የጅቡን ፊት ከልጅ ፊት ትንሽ ሰፋ አድርገው ቀረጹት። ፊቱ አይተኮስም፣ እርጥብ እንደሆነ ነው የሚፈለገው። እዚህ ላይ አንድ ደንብ አለ፤ እኛ ሳናውቀው ቀርተን አንድ ፎርማ አበላሽተናል። ቀጥ ብላችሁ ከላይ ስታዩት ከሥሩ የሚደበቅ ነገር መኖር የለበትም። የጅቡ ጆሮ ወደ ፊት ጎበጥ ብሎ ነበር፤ ጀሶው ከጆሮው ሥር ገብቶ ደረቀ። ልናላቅቀው ስንል ፎርማው ለሁለት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ጆሮና ቀንድን ለብቻ ሠርተን በኋላ ማጣበቅ ጀመርን።

ቀጥሎ በቅርጹ ዙሪያ ግድግዳ ይቆማል። እኛ የተጠቀምነው ከአሮጌ ጀሪካን የተቆረጠ ላስቲክ ነው፤ ከአፍንጫው ጫፍ በሦስት ጣት ከፍ ይበል። የታችኛው ስንጥቅ በጭቃ ይደፈን፤ ካልተደፈነ ጀሶው ሁሉ ወለል ላይ ነው። እርጥብ ጭቃ ከጀሶ ጋር አይጣበቅም፤ ጣውላው ግን ይጣበቃልና ሳሙና መቀባት አለበት።

አሁን ጀሶው። ጀሶ ድንጋይ ነው፤ በዓባይ በረሃ ከሚገኙት ድንጋዮች አንዱ ነው። ድንጋዩ ተፈጭቶ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ውሃ አብዛኛው ይወጣል፣ ዱቄት ይሆናል። እኛ ውሃ ስንመልስለት ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ከውሃ ጋር ሲገናኝ የሚሞቀውም ለዚህ ነው። ሁልጊዜ ጀሶው ውሃው ላይ ይነሰነሳል እንጂ ውሃው ጀሶው ላይ አይፈስም። ለ1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ይበቃል። ሚዛን የሌላት በእጇ እየነሰነሰች ከውሃው በላይ እንደ ደሴት ብቅ ሲል ታቁም። ሁለት ደቂቃ ሳይነካ ይጥጣ። ከዚያ ጓንት አድርጋ በቀስታ ታማስል፤ እንደ ሊጥ ከተመታ አረፋ ይይዛል፤ አረፋው በጅቡ ፊት ላይ ፈንጣጣ ሆኖ ይወጣል። የመጀመሪያው ስስ ሽፋን በብሩሽ ይቀባል፤ ቀሪው ከአንድ ጥግ በቀስታ ይፈስሳል፤ ጣውላውም ከታች ቀስ ተብሎ ይመታል። የጀሶ ኮርኒስ ሠሪዎች እንደሚያደርጉት ቃጫ በመካከሉ ማስገባት ፎርማውን ያጠነክረዋል።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጠነክራል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ ይበርዳል። ሲበርድ ተገልብጦ ጭቃው ተቆፍሮ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ጭቃው ሲወጣ ፊቱ ይጠፋል። ጭቃው ተመልሶ ጭቃ ነው፤ የቀረው በጀሶው ውስጥ ያለው ጎድጓዳ ፊት ብቻ ነው። ፎርማው ታጥቦ ከእሳት ርቆ አየር ባለበት አንድ ሳምንት ይድረቅ። እሳት አጠገብ ያደረቀች ፎርማዋን ታፈርሳለች።

በዚህ ሥራ መካከል ከወጣቶቹ አንዷ «ለምን ጀሶውን በቀጥታ በልጆቹ ፊት ላይ አናደርገውም? በደንብ ይገጥማል» ብላ ነበር። በጭራሽ። በ1999 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ በሥነ ጥበብ ክፍል እጇን ጀሶ ውስጥ ከታ የእጇን ቅርጽ ለማውጣት ስትሞክር ጀሶው በእጇ ላይ ጠንክሮ ጋለ፤ አብዛኞቹን ጣቶቿን አጣች። እጅ እንዲህ ከሆነ ፊት፣ ዐይንና መተንፈሻ ምን ሊሆን ነው? የማኅበራችን ጀሶ በሰው ገላ ላይ አይፈስም። ይህ ለድምፅ የሚቀርብ ነገር አይደለም።

ጭምብሉ ራሱ ከወረቀት ነው። የጀሶ ጭምብል ለልጅ ይከብዳል፣ ሲወድቅም ይሰበራል። የደረቀው ፎርማ ውስጡ በቫዝሊን በስሱ ይቀባል። ወረቀቱ አይቆረጥም፣ በእጅ ይቀደዳል፤ የተቀደደ ጠርዝ እርስ በርሱ ይያያዛል። የመጀመሪያው ድርብ በውሃ ብቻ እየራሰ ይለጠፋል፣ ሙጫ የለውም። ከሁለተኛው ጀምሮ ከስንዴ ዱቄት በተሠራ የበሰለ ሙጫ ነው። አንዱን ድርብ በጋዜጣ፣ ቀጣዩን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ብናደርገው የትኛው እንዳለቀ በቀለሙ እናውቃለን፤ የከረጢቱ ወረቀት ደግሞ ጠንካራ ነው። ስድስት ወይም ሰባት ድርብ ይበቃል። (አንዷ እህታችን የማኅበሩን የድሮ ደረሰኞች ለዚህ ልትቀድ ስትል ደርሼባታለሁ። ደረሰኝ ጭምብል አይሆንም!) በበጋ በሁለት ቀን ይደርቃል፤ በክረምት ግን አምስት ቀንም ቆይቶ ይሻግታል። ስለዚህ ሥራችን ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት ቢሆን ይመረጣል። ጀሶውም እርጥበት ይጠጣልና ክረምቱን ከመሬት ከፍ ብሎ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ሲደርቅ ጭምብሉ ይላቀቃል፣ ጠርዙ ይስተካከላል፣ ዐይኑ ይበሳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ላስቲክ ይታሰራል።

36ቱ ጭምብሎች በጊዜያቸው ደረሱ። በቲያትሩ ቀን ትንሹ አህያ መድረክ ላይ ጭምብሉን ገፍቶ እናቱን ሲፈልግ ሁላችንም ሳቅን። እኔም ደስ ብሎኝ በሰኔ ስብሰባ ሪፖርቴን አነበብኩ።

የተነበበው እንዲህ ነበር። ለጀሶ 700፣ ለቃጫ 80፣ ለቫዝሊንና ሳሙና 120፣ በድምሩ ለፎርማ 900 ብር። ለዱቄት 560፣ ለቀለምና ብሩሽ 1,150፣ ለላስቲክና ክር 190፣ ለወረቀት ማጓጓዣ 100፣ በድምሩ 2,000 ብር። ጠቅላላ ወጪ 2,900፣ ገቢ 5,400፣ ትርፍ 2,500 ብር። ጭብጨባ ሆነ። በዝርዝሩ ላይ አንድ ሌላ መስመር ነበረ፤ «የሸክላ ጭቃ - 0 ብር»።

ሸክላ ሠሪዋ እናታችን ከኋላ ተነሥተው «አንቺ ልጅ፣ የኔ እጅ የት ገባ?» አሉኝ።

እኔም «እማማ፣ ጭቃው እኮ በነጻ ነው የመጣው» አልኳቸው።

«ጭቃውን አልጠየቅሁሽም» ብለው ተቀመጡ። በቡናው ላይ አንዷ «ለሸክላ ሠሪ ጭቃዋን ማን ወሰደባት!» ብላ ሳቀች። ሌላዋ ስለ ዐይን፣ እዚህ የማልደግመውን ነገር ጨመረች። እኔ ሰማሁ፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ እናታችን ወደ ማኅበሩ መምጣት አቆሙ።

ይህን ዛሬ በአደባባይ የምናገረው ያዩት ነገር ትክክል ስለነበረ ነው። ደብረ ታቦር ላይ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማዬን ስይዝ ያልተመዘገበ ወጪ ትርፍ እንደሚመስል ተምሬያለሁ። ግን የኛ የሴቶች ሥራ መዝገብ ላይ ሲደርስ ሁሉንም ረሳሁት። በጥር ወር ሁለተኛ ትእዛዝ ሲመጣ ነው የነቃሁት። አሁንም 36 ጭምብል ነው፣ ግን በአህያው ፋንታ ነብር ይሁን ተባለ። የአንበሳውም ፎርማ አፍንጫው ላይ ተሰንጥቋል። እኛ ራሳችን በጀሶ ደፈንነው፤ የወጣው ድመት ነው። ነብሩንማ ሦስት ሴቶች ሞክረው አቃታቸው። አንደኛው ነብር በግ መስሎ ነበር።

መዝገቤን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። በር ላይ ሳሉ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቡና አፈሉ። ከዚያ ጭቃ አምጥተው በእጄ አስያዙኝና «አፍንጫ አውጪ» አሉኝ። አላወጣሁም፣ ማውጣትም አልቻልኩም። «አየሽ ልጄ፣ ፎርማው ያየውን ይደግማል እንጂ አዲስ ፊት አያውቅም» አሉኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። ሁለት ስሕተት አገኘሁ።

አንደኛው፣ ለፎርማው የወጣውን 900 ብር በሙሉ በመጀመሪያው ትእዛዝ ላይ መጫኔ ነው። ፎርማ እንደ ዱቄት በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ እንደ ምጣድ ንብረት ነው፤ የእርጅና ቅናሽ ይሰላለታል። እያንዳንዱ ፎርማችን በጥንቃቄ ከተያዘ 30 ጭምብል ይሰጣል ብለን ብናስብ፣ አንዱ ፎርማ 225 ብር ስለፈጀ ለአንድ ጭምብል የሚደርሰው 7 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ለ36 ጭምብል 270 ብር። የቀረው 630 ብር መደርደሪያችን ላይ የተቀመጠ ንብረት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የከፋው ነው፤ እጅን አለመመዝገቤ። ስድስት ሴቶች 10 ቀን፣ በቀን ግማሽ ቀን ሠርተዋል፤ ይህ 30 የሥራ ቀን ነው። እናታችን አራቱን ፊት ለመቅረጽ 6 ቀን ፈጅተዋል። ለስሌት የቀኑን 150 ብር ብንይዝ የሴቶቹ 4,500፣ የእሳቸው 900 ነው። አሁን ደምሩ፤ 2,000፣ 270፣ 4,500 እና 900፣ ጠቅላላ 7,670 ብር። ገቢያችን 5,400 ነበር። ያጨበጨብንለት የ2,500 ብር ትርፍ በእውነቱ የ2,270 ብር ኪሳራ ነው። ኪሳራውን ማን ከፈለው? የራሳችን እጅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእሳቸው እጅ፣ ምክንያቱም የእኛ እጅ አንድ ጭምብል ሲሠራ አንድ ጭምብል ነው፤ የእሳቸው እጅ ግን በ36ቱም ላይ አለ።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ሁለት ነገር ትዝ አለኝ። አንደኛው ሰምና ወርቅ ነው። ሁላችንም ቃሉን ከቅኔ ነው የምናውቀው፤ ቃሉ የተወሰደው ግን ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው መስቀሉን ወይም ጌጡን በመጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠው ወርቅ ወይም ብር ይገባል። ጭቃው ተሰብሮ ጌጡ ይወጣል። ሁሉም ሰው ወርቁን ያደንቃል፤ ቅርጹን የሰጠው ሰም ግን የለም። የእናታችንም የጭቃ ፊት እንዲሁ ነው። ፎርማው እንዲኖር ፈረሰ። እኔ ወርቁን መዝግቤ ሰሙን ረሳሁ።

ሁለተኛው ቅርባችን ያለው ጋፋት ነው። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ነሐስ አቅልጠው በፎርማ መድፍ ያስወጡበት ቦታ ነው። ሴባስቶፖል እዚያ ተሠርቶ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ብረት በሰው ጉልበት እየተጎተተ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ፤ አሁንም እዚያው ተኝቷል። የሠሩት ፈረንጆች ስማቸው ይታወቃል፤ ከመካከላቸው ዋልድማየር የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አሳትሟል። እሳቱን ያነደዱት፣ ጭቃውን ያቦኩት፣ ከጎናቸው ሙያውን የተማሩት የአገራችን ሰዎች ግን? እዚህ አዳራሽ ውስጥ የአንዳቸውን ስም የምትጠራ አለች? ባለ እጅን እንፈልገዋለን፣ ሥራውን እንወስዳለን፣ ስሙን እንተዋለን። ይባስ ብለን እንሰድበዋለን። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ በኛ ቡና ላይ ስድቡ ተደገመ፣ እኔም ዝም አልኩ።

ሕጉም ከእናታችን ጋር ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቅርጻ ቅርጽን ይጠብቃል። ሥራውን የማባዛት መብት በመጀመሪያ የሠሪው ነው፤ መብቱም በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ፎርማ ማለት ደግሞ ማባዣ ነው። ጀሶውን የገዛው ማኅበሩ ነው፤ በጀሶው ውስጥ ያለው ፊት ግን የእሳቸው ነው።

ሁለተኛውን ትእዛዝ በዚህ ሐሳብ ሠራነው። እናታችን ነብሩን ቀረጹ፤ የአንበሳውንም ፊት እንደገና ሠሩት። የሁለቱን ቀን ሥራና ጀሶ በአዲስ ንብረት መዘገብኩት። እኛም እጃችን ለምዶ ነበር፤ አራት ሴቶች በ5 ቀን፣ በቀን ግማሽ ቀን፣ 10 የሥራ ቀን ብቻ ፈጀ፤ 1,500 ብር። ቁሳቁስ 2,000፣ የፎርማ ቅናሽ ወደ 270። ድምሩ 3,770። ከ5,400 ሲቀነስ 1,630 ብር ተረፈ። ከዚያ ላይ ከእያንዳንዱ ጭምብል 15 ብር ለፊቱ ባለቤት ተብሎ 540 ብር ለእናታችን ተከፈለ። ለማኅበሩ 1,090 ብር ቀረ። ከ2,500 ያንሳል፤ ግን እውነተኛ ገንዘብ ነው፤ ማንም ከጉያው አውጥቶ አልከፈለውም።

አንዳንዶቻችሁ «አንዴ የቀን ሥራዋ ከተከፈላት 15 ብሩ ለምን?» ብላችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ይህ ነው። የቀን ክፍያው የተቀረጸበት ቀን ዋጋ ነው። 15 ብሩ ደግሞ ፊቱ በተደገመ ቁጥር የሚገኘው ነው። ፊቱ ካልተሸጠ እሳቸውም አያገኙም፤ ከተሸጠ ሁላችንም እናገኛለን። ከዋጋው አንድ አሥረኛ ነው፤ አሥራት በሉት። ነገ ከናንተ አንዷ ቀርጻ ብታመጣ ለእሷም ይኸው ነው።

ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲገባ ድምፅ የምትሰጡበት ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ፎርማ ቁጥርና የቀራጯ ስም በጀርባው ይጻፍበት፣ በንብረት መዝገብም ይግባ፤ ስንት ጭምብል እንደወጣበት ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ከተሸጠው እያንዳንዱ ጭምብል ዋጋ አንድ አሥረኛው ለቀራጯ ይከፈል። ሦስተኛ፣ የአባላት የሥራ ቀን በወጪ ሳይያዝ ትርፍ የሚባል ነገር በሪፖርት አይነበብ፤ ካነበብኩ አስቁሙኝ። አራተኛ፣ እናታችን ፈቅደዋልና በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሦስት ወጣት አባላት ከእሳቸው ዘንድ ቅርጽ ይማሩ፤ ለማስተማራቸውም ይከፈላቸው።

እናታችን ዛሬ እዚህ አሉ፤ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ነው የተቀመጡት። ጠረጴዛው ላይ ያለው ነብር የእሳቸው ነው። ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት፤ ቁጥር 5 ይላል፣ ስማቸውም አለበት።

እጃችሁን አንሡ፣ እኔ እቆጥራለሁ።